ምስጋናዬን ይዞ ውሃዬን የጣለ ወረቀት

ጻፊ እንግዲህ። እንደምናገረው ጻፊው እንጂ አታሳምሪው። ያሳመሩልኝ ቀን ነው ጉድ የሆንኩት።

ማሳዬ በቦዩ ግርጌ ናት። የሮቢ ወንዝን ከላይ ጠልፈው የሚያወርዱት ቦይ አለ፤ ከጠለፋው ጀምሮ ያንንም ያንንም እያጠጣ፣ እየሳሳ እየሳሳ መጥቶ መጨረሻ እኛ ዘንድ ይደርሳል። እኛ ግርጌዎቹ አምስት ነን። ግርጌ መሆን ምን እንደሆነ ራስጌ ያለ ሰው አያውቀውም። የሱ ማሳ ጠግቦ ሲተርፍ ነው የኛ የሚረጥበው። ይሁን፣ ተራ አለ። የውሃ አባት አለ፤ ተራውን የሚያዝ፣ ዛሬ የእገሌ ቀን ነው ብሎ የሚጠራ፣ ሁላችን የመረጥነው ሰው ነው። የኔ ቀን ማክሰኞ ነው። ባለቤቴ ወደ አኼራ ከሄደ ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ አካፋዬን ይዤ ቦዩ ላይ ነኝ።

ድሮ ቦዩ የአፈር ነበር። የኔ ማሳ ደግሞ ከቦዩ ትንሽ ከፍ ትላለች። ተራዬ ሲደርስ ጆንያ አፈር እሞላና፣ ሣር ያለው ጓል ቆርጬ እደግፈውና ቦዩን እዘጋዋለሁ። ውሃው ይቆማል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ማሳዬ ይወጣል። ስጨርስ ጆንያዬን አንስቼ ለጎረቤቴ እለቅለታለሁ። በዚህ ውሃ ሽንኩርት አብቅዬ ነው ያንቺን እናት ያሳደግኳት። ይሄንንም ጻፊው፣ ምን ያስቅሻል?

ከዚያ ፕሮጀክት መጣ። ስማቸውን አልጠራም፣ ሐሜት ይሆንብኛል። ቦዩን በሲሚንቶ እንለብጠዋለን አሉ፣ ለበጡት። ወላሂ ያምራል። ያማረን ነገር አላማረም ብል አላህ ይታዘበኛል። ድሮ ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ አፈር ይጠጣው ነበር፤ አሁን አይጠጣውም። ደለል ስንጠርግ ወገባችን ይቆረጥ ነበር፤ አሁን ቀለለ። ግን ሲለብጡት ዝቅ አድርገው ቆፈሩት። ቦዩ ወረደ፣ የኔና የአራቱ ግርጌ ጎረቤቶቼ ማሳ እላይ ቀረ። ማክሰኞ አካፋዬን ይዤ ስሄድ ውሃው ከእግሬ ሥር እየሳቀብኝ ያልፋል። እንደ ድሮዬ ጆንያ ላስገባ ስል የፕሮጀክቱ ዘበኛ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ክልክል ነው! ሲሚንቶው ይሰነጠቃል!»

«ታዲያ ውሃው በምን ይውጣልኝ? በመሰላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ መሐንዲሱን ይጠይቁት።»

መሐንዲሱን ጠየቅኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ከፍ ያሉ ማሳዎች ፊት ለፊት የብረት መዝጊያ ይተከላል አለኝ። ቦዩ ውስጥ የሚወርድ የብረት በር ነው፤ ሲወርድ ውሃው ይቆምና ይሞላል፣ ሲነሳ ይሄዳል። ያው የኔ ጆንያ ነው፣ ብረት ሆኖ መጣ። «ግን እማማ፣ እንዲያው አይተከልም። የየሰዉ ቃል ተጽፎ አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ይላካል። እነሱ አንብበው ለሚገባው ይፈቅዳሉ።» የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ገንዘቡ የፈረንጅ ስለሆነ። ይሁን፣ ያንብቡት አልኩ። እኔ የሽንኩርት ዘር በመደብ አፍስሼ ነበር፤ ስድስት መደብ። ችግኙ ከመደብ ወጥቶ ማሳ ላይ እስኪተከል አንድ ወር ተኩል ግፋ ቢል ሁለት ወር ነው። ከዚያ በላይ መደብ ላይ ከቆየ ያረጃል፣ ራስ አይቋጥርም። መደቡንማ በጀሪካን እየተሸከምኩ አጠጣዋለሁ። ማሳን ግን በጀሪካን አያጠጡም። እንግዲህ ያ ወረቀት ከችግኜ ጋር ነበር የሚሽቀዳደመው።

ቃል የምንሰጥበት ቀን ደረሰና ሾላው ሥር ተሰበሰብን። መሐንዲሱ መጣ፣ አንድ ጸሐፊ ልጅም ይዞ መጣ። የጸሐፊው ሥራ የኛን ቃል ሰምቶ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው።

አሁን ይሄን ካልነገርኩ ሌላው አይገባም። በኛ አገር ሰው ፊት ቆሞ ቅሬታ መናገር ሥርዓት አለው። አባቴ ሽማግሌ ነበር፤ ደም የተቃቡትን ሁሉ ያስታርቃል። እኔ ልጅ ሆኜ ውሃ እያቀበልኩ ስሰማ ነው ያደግሁት። ከሳሽ ሲነሳ መጀመሪያ የሚከሰውን ሰው ያመሰግናል። «ወንድሜ ጨዋ ነው፣ አባቱም ጨዋ ነበሩ። የቸገረኝ ቀን በሬውን ፈትቶ ሰጥቶኛል። አላህ ልጆቹን ያሳድግለት» ይላል። ሽማግሌዎቹ ይሄኔ ጫታቸውን ነው የሚቀነጥሱት፣ ማንም ቀና አይልም። ከዚያ ሰውዬው ትንፋሹን ሰብሰብ ያደርግና «ነገር ግን ድንበሬን ገፍቶኛል» ይላል። ያኔ ሁሉም ቀና ይላል። ምስጋናው በር ማንኳኳት ነው። ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ክሱ ውስጥ የገባ ሰው፣ ቂም ይዞት ነው የመጣው ይባላል፤ እውነት ቢኖረው እንኳ በቅጡ አይሰማም።

ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ።

«ልጆቼ፣ አላህ ዕድሜ ይስጣችሁ። በዚህ ቆላ ፀሐይ ተቃጥላችሁ ቦይ ሠራችሁልን። ቦዩ እንደ ሙሽራ ያምራል። ደለል ከመጥረግ ዐረፍን፣ ልጆቻችንም ዐረፉ። እናንተን የወለደች እናት ጀነት ትግባ። እኔ በቦዩ ደስ ብሎኛል።» ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ነገር ግን ውሃው ማሳዬ አይገባም።»

ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ተናገርሽ» አሉኝ። ጸሐፊውም ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። የቀሩት ሦስቱ ግርጌዎችም እንደኔው መርቀው፣ እንደኔው አመስግነው፣ እንደኔው መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ጣል አድርገው ተቀመጡ።

አምስተኛው ከኔ አጠገብ የሚያርሰው ሽማግሌ ነው። እኩያዬ ነው፤ ፍየል አብረን ጠብቀናል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አፉ አጥር የለውም። ብድግ አለና፣

«ውሃ የለኝም! መዝጊያ አምጡ፣ አለዚያ ሲሚንቷችሁን ነቅላችሁ ውሰዱ!» ብሎ ቁጭ አለ።

አስተግፊሩላህ አልን ሁላችንም። በሱ ፈንታ አፈርን። የውሃ አባቱ እንኳ ተነስቶ «ልጆች፣ ይቅርታ አድርጉልን» አላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ፊት ቢስሚላህ እንኳ አትልም?» አልኩት።

«ቢስሚላህ ብዬ ነው ከቤቴ የወጣሁት። ላንቺ ደግሜ ላሰማሽ?»

እንዲህ ተለያየን። እኔ በጨዋነቴ ኮርቼ፣ እሱ ተሰድቦ።

ወር ሞላ። ችግኜ መደቡን ሞልቶ ለምልሟል። አንድ ቀን ወረቀት ተለጠፈ አሉ፣ በመስኖ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ። አንቺን ከትምህርት ቤት ስትመለሺ መንገድ ላይ ጠብቄ ይዤሽ ሄድኩ። ያኔ ነው እንግሊዝኛ መማርሽ ለምን እንደሚጠቅም ያየሁት፤ እስከዚያ ድረስስ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለወግ ይመስለኝ ነበር።

በጣትሽ እየተከተልሽ አነበብሽ። ከአምስታችን መዝጊያ የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን? እሱ። ቢስሚላህ ያላለው። ሰውዬውም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ልጁ ቀድሞ አንብቦለታል።

«እትዬ» አለኝ፣ ሲያሾፍ ነው እትዬ የሚለኝ፣ «ያን ሁሉ ምስጋና ማሳሽን አጠጪዋ!»

«ዝም በል፣ ባለጌ!»

«ባለጌው ሽንኩርት ሊተክል ነው። ጨዋዋ ምን ትተክል ይሆን?»

የሱን መለስ ብዬ እነግረዋለሁ አልኩና፣ የኔ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቢልኝ አልኩሽ። አነበብሽና መስመሩን በጣትሽ መልሰሽ ተከተልሽው። ከዚያ በአማርኛ መለስሽልኝ። «ውሃ ወደ ማሳዋ ባይገባም፣ አርሶ አደሯ በቦዩ እጅግ ደስተኛ ናት።»

«ደግመሽ አንብቢው» አልኩሽ።

ደገምሽው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ እማዬ፣ ስምሽ አለ።»

«ውሃ ባይገባም ደስተኛ ናት? ምን፣ እብድ ነኝ? ውሃ ሳይገባ የሚደሰት ገበሬ የት አገር ነው ያለው?»

«ያልሽው ሁለቱም እኮ አለ። ደስ ብሎኛል ብለሻል፣ አይገባም ብለሻል።»

«ብያለሁ! የቱን የት ነው ያልኩት?»

የሰውዬውን ምን ይላል አልኩሽ። «አርሶ አደሩ ውሃ አያገኝም» ይላል፣ በቃ። ሌላ የለም። የቀሩት የሦስቱስ? እንደኔው። ባያገኝም ያመሰግናል፣ ባይደርሳትም ረክታለች፣ ባይገባለትም ደስተኛ ነው። አራታችንንም በአንድ ገመድ አስሮ ጥሎናል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ውሃ ከመከልከሌ ይልቅ ያ የበለጠ አቃጠለኝ። የሰደበ ተሰጠው፣ የመረቀ ተነፈገ። ወረቀቱን ከግድግዳው ቦጭቄ ልቅደው ስል እጄን ያዝሽኝ።

ሾላው ሥር ተቀምጠን አስረዳሽኝ። አስተማሪያችሁ በዚያው ሰሞን ያስተማራችሁ ነገር ኖሯል፤ ሁለት የሚቃረን ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያያዝ። «ኦልዞ» የሚባል ቃል አለ አልሽኝ፤ እኛ «ቢሆንም» እንደምንለው ነው።

«እማዬ፣ ኦልዞ ያለበት ወገን ተሸናፊው ነው። አለ ተብሎ ይታወቅለታል፣ ግን ይታለፋል። አንባቢው ይዞት የሚሄደው ሌላኛውን ነው።»

«ስለዚህ ውሃዬ ተሸናፊ ነው?»

«እዚህ ላይ አዎ።»

«ምስጋናዬ አሸነፈ?»

«አዎ።»

«ምስጋና ሽንኩርት ያበቅላል?»

ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም። «ሌላ ቃል የላቸውም እነዚህ ሰዎች?» አልኩሽ። አላቸው አልሽኝ፣ ብዙ። አንዱ ሁለቱን ነገር እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ እኩል የሚያስቀምጥ ነው አልሽ፤ በአንድ በኩል እንዲህ፣ በሌላ በኩል እንዲያ። እሱን ተዪው አልኩሽ፤ እኔ እኩል አላልኩም። ሌላው «ሃውኤቨር» ነው አልሽ። የመጀመሪያውን ተናግረሽ ትጨርሺያለሽ፣ አራት ነጥብ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ሃውኤቨር ብለሽ አዲስ ትጀምሪያለሽ፤ ቁም ነገሩ ከሱ ወዲያ ይመጣል።

«እንዴ! ትንፋሽ መሰብሰቢያው ነዋ!» አልኩሽ። «የአባቴ ሽማግሌዎች ቀና የሚሉበት ቦታ!»

«እንደዚያ በይው» አልሽኝ።

«አላቸዋ ታዲያ! ቃሉ እያላቸው ነው እንዴ እንዲህ ያደረጉኝ?»

በማግስቱ በባጃጅ ከተማ ወረድን፣ ሸዋ ሮቢት፣ ቢሯቸው ድረስ። አንቺ ትምህርት ቀረሽ፤ ለአስተማሪሽ እኔ እመልሳለሁ አልኩሽ። ጸሐፊው ልጅ ስንገባ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ይሄንንም እናገራለሁ።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ልናገር። ያን ቀን ቆሜ እንኳ አልተሰማሁም።»

ከግድግዳው ላይ ገልብጠሽ ያመጣሽውን አሳየሽው። አየውና፣

«እማማ፣ ያሉትን ነው የጻፍኩት። ውሃ እንዳልገባልዎት አለ፣ እንደተደሰቱም አለ። እንግሊዝኛውም አንድ ስህተት የለበትም።»

አንቺ ያኔ ጉሮሮሽን ጠረግሽና «ስህተትስ የለበትም፤ ግን እሷ ያለችውን አይልም» አልሽው።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ አንቺ?»

«አሥራ አንድ።»

ፈገግ አለ። ዲግሪ አለኝ አላለም፤ ፈገግታው ግን ተናገረለት። እኔ ደሜ ፈላ።

«የኔ ልጅ» አልኩት፣ «ተጋብዘህ ሰው ቤት ሄድክ እንበል። ምግብ አላቀረቡልህም። ስትመለስ እናትህ እንዴት ነበር ብትልህ፣ ምግብ ባይሰጡኝም ሳህናቸው ያምራል ትላታለህ?»

ወዲያ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረች ሠራተኛ ሳቀች። ልጁ ቀላ።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት? የናንተ ሰው ሲናገር ምስጋናው ረጅም ነው፣ ቅሬታው አንዲት መስመር ናት። ከአሥር ቃል ዘጠኙ ምርቃት ሆኖ ሳገኘው፣ ዋናው ሐሳብ ምርቃቱ መሰለኝ። ትንሿን በኦልዞ አድርጌ አስገባኋት። ሪፖርቱም በበጎ ቢያልቅ ይሻላል ይላሉ አለቆቻችን።»

«ስለዚህ በርዝመቱ ነው የለካኸው?»

«እንግዲህ...»

«ሰው ሲናገር ይሰማል ወይስ በክንድ ይለካል? አንተ የየት አገር ልጅ ነህ? እናንተ ጋ ሰው ሲካሰስ አያመሰግንም?»

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ እማማ። እኛ ጋ ዝም ብሎ ነው የሚካሰሰው።»

ይሄን ሲለኝ ትንሽ አዘንኩለት። ግን ብዙ አይደለም። ወረቀቱ ሄዷል አለኝ፤ ሆኖም ማስተካከያ መላክ ይቻላል አለ። «እሺ፣ አሁን ይበሉ፣ እጽፋለሁ» ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

አንቺ ጆሮዬ ሥር መጣሽና «እማዬ፣ ምስጋናውን እናውጣው። እንደ ጎረቤታችን ውሃ የለኝም ብቻ በይ። ያኔ ማንም አያጣምመውም» አልሽኝ።

አላወጣም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ትዝ ይልሻል። ለምንድነው የማወጣው? ቦዩ ያምራል። የሠሩት ሰዎች ደክመዋል። እውነት ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ሳላመሰግን ሰው ከስሼ አላውቅም፤ አሁን የአንድ ልጅ እጅ አጣመመብኝ ብዬ ምላሴን ልቁረጥ? እሱ ነው መታረም ያለበት እንጂ እኔ ነኝ? ያንን ሽማግሌ ልሁን? አይሆንም። ምስጋናዬ በቦታው ይቀመጥ፣ ውሃዬም በቦታው ይቀመጥ። ይሄን መናገር የማይችል ቋንቋ ከሆነ ምኑን ቋንቋ ሆነ? ይችላል ብለሽኛል አይደል? ታዲያ ይናገር።

እንዲህ ተጻፈ፤ አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ቃል በቃል እያየሽ። «የተሠራው ቦይ ያማረ ነው፤ አርሶ አደሯ የሠሩትን ታመሰግናለች። ነገር ግን ወደ ማሳዋ አንዲት ጠብታ አትገባም። መዝጊያ ካልተተከለላት ዘንድሮ ሽንኩርት አትተክልም።» የመጨረሻዋን መስመር አንቺ ነሽ ያስገባሻት፤ «ይሄኛው ደግሞ ቢሮ ለሚያነበው ሰው ምን እንደሚጠፋ ይነግረዋል» አልሽ። ልጁ ጣት ያድርጉ ብሎ ቀለሙን ሲያመጣልኝ፣

«መጀመሪያ መልሰህ አንብብልኝ» አልኩት።

«በእንግሊዝኛ?»

«በእንግሊዝኛ ለሷ፣ በአማርኛ ለኔ።»

አነበበልን። ሃውኤቨር ላይ ሲደርስ ቀና አልሽ። ያኔ ጣቴን አሳረፍኩ።

ከዚያ ጥበቃ። ችግኜ አንድ ወር ተኩሉን አለፈ። ቅጠሉ እየረዘመ ይወድቅ ጀመር። ጎረቤቴ መዝጊያው ተተክሎለት፣ ውሃ ለቆ፣ ተክሎ ጨርሷል። ማታ ማታ በማሳዬ በኩል ሲያልፍ አካፋውን እያንኳኳ «ሃውኤቨር ደረሰ?» ይለኛል። ማን እንደነገረው እንጃ። አንቺ ነሽ፣ ሌላ ማን ይነግረዋል! እኔም «አንተ ቦዩን ሰድበህ ያበቀልከው ሽንኩርት ይመራል» እለዋለሁ። እሱ ግን አንድ ጠዋት ሳይናገር መጥቶ አሥር ጀሪካን ውሃ መደቤ ላይ ደፍቶልኝ ሄዷል። አመሰገንኩት። «አታመስግኚኝ፣ ደግሞ ነገር ግን እንዳታስከትዪበት» አለኝ።

ሁለት ወር ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት መሐንዲሱ መጣ። ወረቀቱን በእጁ ይዟል፤ አዲስ አበባ ያሉት አንብበው ሄደህ እይ ብለውታል። ማሳዬ ጫፍ ላይ ቆመ። ቦዩን አየ፣ ማሳዬን አየ፣ ደግሞ ቦዩን አየ። ሜትር አውጥቶ ለካ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እማማ፣ ይሄማ ግልጽ ነው። መጀመሪያውኑ ለምን አልተናገሩም?»

ወላሂ፣ ያኔ ያልወደቅኩ መቼም አልወድቅም። እኔ አልተናገርኩም? ሾላው ሥር፣ አንተ ፊት፣ በሕዝብ ፊት? ትንፋሼን ሰብስቤ? አንተ ራስህ እዚያ ተቀምጠህ አልነበረም? በአማርኛ እኮ ነው የተናገርኩት! አንተ አማርኛ ትሰማ የለም እንዴ! እንግሊዝኛ እስኪሆን ጠብቀህ ነው የሰማኸኝ? እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ። ምን ያደርግልኛል ይቅርታው። አንዲት አሮጊት «ነገር ግን» ስትል ጆሯቸው ይዘጋል፤ ወረቀት «ነገር ግን» ሲል ነው የሚነቁት።

መዝጊያው በሳምንቱ ተተከለ። ማክሰኞ አወረድኩት፣ ውሃው ቆመ፣ ሞላ፣ ማሳዬ ገባ። ከስድስቱ መደብ ለተከላ የበቃኝ ሁለቱ ነው። አራቱ አርጅቷል። በቀረው መሬት ቶሎ የሚደርሰውን ማሾ ዘራሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ከምንም ይሻላል። ግን አራት መደብ ሽንኩርቴን በአንዲት «ቢሆንም» ነው የተበላሁት፤ ይሄን ከልቤ ማንም አያወጣውም።

የቀሩት ሦስቱስ? እነሱማ እስከ አሁን ደስተኞች ናቸው፣ በወረቀት። አንደኛዋ «ተዪው፣ አላህ ያመጣዋል፣ ምስጋናችንን አናበላሽ» ትለኛለች። ምስጋናሽን ማን አበላሺ አለሽ፣ ቦታውን አስተካክዪ ነው እንጂ እላታለሁ። ይዣቸው ከተማ ለመውረድ ሳስብ፣ ባለፈው ሐሙስ የፕሮጀክቱ ሰዎች ራሳቸው መጡ፤ ሥራውን ልንዘጋ ነው፣ የመጨረሻ ቃል ስጡን አሉ። እንደገና ሾላው ሥር ተሰበሰብን። አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው አብሮ መጥቷል። ጸሐፊው ልጅ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። አንቺን ከኋላው አስቀመጥኩሽ።

ጎረቤቴ ገና ሳልነሳ «አሳጥሪው፣ ፀሐዩ ነደደ» አለኝ።

አላሳጠርኩም። ለሦስቱም ሆኜ ተናገርኩ። ትልቁን ሰውዬ መረቅኩ፣ እናቱን መረቅኩ። ቦዩን አመሰገንኩ። መሐንዲሱን ተመልሶ ስላየኝ አመሰገንኩ። ጸሐፊውንም ቃሌን ስላቃናልኝ አመሰገንኩት። ትልቁ ሰውዬ ደስ ብሎት ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሰዉም ተከተለው። ጸሐፊው ልጅ የመጨረሻዋን ቃል ጽፎ፣ አራት ነጥብ አድርጎ፣ ብዕሩን ደብተሩ ላይ አጋደመ።

«አንሳው» አልኩት። «ገና አልጀመርኩም።»